ከ9 ዓመት በፊት ወንጪ ላይ የጀመርኩት የውሃ ቀለም፦ ቤት ውስጥ ልጨርሰው ወይስ ልተወው?

የአስታ ጥላ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ሰሞኑን ቤት ስቀይር ከአንድ የድሮ ፋይል ውስጥ የረሳሁት ሥዕል ወጣ። መስከረም 2009 ወንጪ ላይ የጀመርኩት ነው። ከአፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልቁል ሐይቁን እያየሁ ነበር የሠራሁት። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ነው፤ ስፋቱ 28 በ38 ሴንቲ ሜትር። ቀለም የያዝኩት አራት ብቻ ነበር፦ አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ)፣ ሴሩሊያን (ፈካ ያለ ሰማያዊ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና አንድ ሎሚ ቢጫ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀመርኩ። ጉሙ ገና ከውሃው ላይ አልተነሳም። ሰማዩን፣ የማዶውን ገደልና ሐይቁን ሳላርፍ ሠራሁ። ደሴቲቱንም ከነዛፎቿ አስቀመጥኩ። ከፊት ለፊት በግራ በኩል ያለውን የእንሰት ማሳ፣ ቁልቁል የሚወርደውን የፈረስ መንገድና አንድ ፈረስ የሚጎትት ሰው ግን በእርሳስ ብቻ ነድፌ ነበር። ያኔ ዝናቡ መጣ። ሥዕሉን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ያም ሆኖ ስምንት ዘጠኝ ጠብታ በቀኝ በኩል ሰማዩ ላይ አርፏል። ያረፈበት ቦታ መሃሉ ነጣ፣ ዙሪያው ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ሳየው ዓይኔ ሐይቁ ላይ ቀረ። ውሃው ከዳሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ጣት የምታህል ስፍራ አለች። ሰማያዊው ሳይደርቅ የዳሩ ቡናማ ገብቶበት ወደ ላይ እንደ ጭስ ተነስቷል። አስቤበት የሠራሁት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞክሬ አንድም ቀን እንዲህ አልወጣልኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ባዶውን የግራውን ጎን ልጨርሰው? ዘጠኝ ዓመት የቆየ ወረቀት ቀለም ይቀበላል? የዝናቡን ነጥብስ ምን ላድርገው? የዚያን ቀን በስልክ ያነሳሁት ፎቶም ተገኝቷል።

ሰማያዊ ቀን፦

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትነኪው። ከልቤ ነው የምልሽ።

ሥዕሉ አልቋል። ያለቀው ዝናቡ ሲመጣ ነው። ደጅ የተሠራ የውሃ ቀለም የዚያ ሰዓት ምስክር ነው። ብርዱ አለበት፣ ጥድፊያው አለበት፣ ጠብታው አለበት። አሁን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቡና እየጠጣሽ የምትጨምሪው ብሩሽ የሌላ ሰው ብሩሽ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የነበርሽው አንቺና የዛሬዋ አንቺ አንድ ወረቀት ላይ ስትገናኙ መስማማታችሁ አይቀርም ብለሽ ታስቢያለሽ?

እኔ በዚህ መንገድ ሦስት ሥዕል አበላሽቻለሁ። ሦስቱም ባዶ ቦታ ነበራቸው። ባዶው ሲሞላ ሥዕሉ ከበደና ሞተ። እንዳለ አስፈሪሚውና ስቀዪው። ለእንሰቱ ማሳ ሌላ ወረቀት አለልሽ።

የጉለሌው፦

ሰማያዊ ቀን ያለው ይገባኛል። ግን "ደጅ የተጀመረ ደጅ ማለቅ አለበት" የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የእንግሊዙን ተርነርን እንውሰድ። የመልክዓ ምድር የውሃ ቀለም ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ስዊዘርላንድን ዞረ። በጉዞው የያዘውን ይዞ ለንደን ተመለሰ። በ1842 15 ናሙና ጥናቶችን ለሥዕል ሻጩ ሰጠ፤ ደንበኞች ከነዚያ እየመረጡ እንዲያዙት። ከዚያ በኋላ ነው የታዘዘውን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራው። "ሰማያዊው ሪጊ" የሚባለው ሥዕሉም ከዚያ ጉዞ ተነስቶ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ዛሬ ለንደን ቴት የሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ተራራው ንጋት ላይ በሰማያዊ ጉም ተሸፍኖ ቆሟል። ከታች ውሃው ላይ ውሾች ዳክዬ ያባርራሉ። ያ ሁሉ ጸጥታ የስቱዲዮ ሥራ ነው። ስቱዲዮ ጠዋቱን አልገደለውም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እሱን ልሸፍነው አልፈልግም። ተርነር ናሙናው ላይ አልነበረም የሚጨርሰው። አዲስ ወረቀት ይዘረጋል። ናሙናው እንዳለ ይቀመጣል። አንቺ የምትጠይቂው እዚያው አሮጌው ወረቀት ላይ ስለመቀጠል ነው። ከባዱም እሱ ነው። አይቻልም ማለት ግን አይደለም።

መጀመሪያ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አቁሚው። ሦስት ሜትር ራቂ። ባዶው ቦታ ያስቸግርሻል ወይስ ያሳርፍሻል? ዛሬ አትመልሺ። ሳምንት ሙሉ እያለፍሽ እያገደምሽ እዪው።

ወረቀት ነው ሥራዬ፦

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ ይጠየቅ። ብዙዎቻችን ስለ ቀለም እናወራለን፤ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው።

የውሃ ቀለም ወረቀት ሲሠራ "ሳይዝ" (size) የሚባል ማጠንከሪያ ይደረግበታል። በጥሩ ወረቀት ላይ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን ነው። ሥራው ወረቀቱ ውሃውን በአንዴ እንዳይጠጣው ማድረግ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ ትንሽ ሲቆይ ነው አንቺ በብሩሽ የምታጫውቺው፣ ጠርዙን የምታለሰልሺው። ሳይዙ ዘላለማዊ አይደለም። እርጥበት ይበላዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሦስት ክረምት ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ወረቀት እንደ ሶፍት ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ሲነካው እዚያው ስምጥ ይልና ጠቁሮ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንሳት የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዙሪያውን በቴፕ ይዘሽው ከነበረ ቀለም ያልነካው ነጭ ጠርዝ አለሽ። እዚያ ላይ በብሩሽ ጫፍ አንድ ጠብታ ንጹህ ውሃ አስቀምጪ። በጎን በኩል ዝቅ ብለሽ እዪው። ጠብታው ክብ ሆኖ እንደ ጤዛ ከተቀመጠ ሳይዙ አለ። ወዲያው ከተኛና ወረቀቱ ከጠቆረ ሄዷል ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ አትሞክሪ። አራቱንም ጠርዝ ሞክሪ፤ እርጥበት እኩል አይገባምና።

ፋይሉ በምን ሁኔታ ነበር የተቀመጠው?

የአስታ ጥላ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህንን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ፋይሉ ቁም ሣጥን ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የቆየው። በቀኝ በኩል ያለው ጠርዝ ከግድግዳው ጋር የተነካካ ነው።

አሁን ሞክሬው መጣሁ። በግራ በኩልና ከታች ጠብታው ክብ ብሎ ቆመ። ሰዓት ይዤ ነበር፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቷል። ከላይም ደህና ነው። በቀኝ በኩል ግን ገና ብሩሹ ሳይለቀው ጠጣው። ከኋላ ገልብጬ ሳየው እርጥበቱ ወደዚያም ዘልቋል። በዚያ በኩል አራት አምስት ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣብም አለ።

ማለትም ባዶው የግራው ጎን ጤነኛ ነው። የታመመው የዝናቡ ነጥብ ያለበት ወገን ነው።

ወረቀት ነው ሥራዬ፦

እንግዲህ ወረቀቱ ራሱ መለሰልሽ። በግራ በኩል መሥራት ትችያለሽ። በቀኝ በኩል እርጥብ ብሩሽ እንዳታስጠጊ።

ቡናማው ነጠብጣብ የእርጥበት ምልክት ነው። በበረኪናም ሆነ በሌላ ነገር ለማጽዳት እንዳትሞክሪ። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ባለበት ይቆማል።

የሄደውን ሳይዝ መመለስ የሚፈልግ ሰው ካለ መንገድ አለው። ጣዕምና ቀለም የሌለው የምግብ ጄላቲን 2 ግራም፣ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር። መጀመሪያ በቀዝቃዛው ውሃ አሥር ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማሟሟት ነው፤ አይፈላም። ለብ እንዳለ ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ከወረቀቱ ጀርባ መቀባት። ከፊት ለፊት ከተቀባ ሥዕሉን ያነሳዋል። ጀርባው ሁሉ እኩል ካልረጠበም ወረቀቱ ይጣመማል። ከመንካትሽ በፊት በማትፈልጊው አሮጌ ሥዕል ላይ ተለማመጂ። ለአንቺ ሥዕል ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ። ጤነኛው ጎን ይበቃሻል።

ጀማሪ ነኝ፦

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ አልሆነም? አዲስ ቀለም ላዩ ላይ ሲደረግ አሮጌው ይነሳል እንዴ? አክሪሊክ ነው የለመድኩት። እሱ አንዴ ከደረቀ አለቀ።

የጉለሌው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የነገሩ ቁልፍም እዚህ ጋ ነው ያለው።

የውሃ ቀለም ማለት የደቀቀ የቀለም ዱቄት በግራር ሙጫ የተያዘ ማለት ነው። ከግራር ዛፍ የሚንጠባጠበው ሙጫ ማለቴ ነው፤ እኛም አገር ቆላው ላይ የሚለቀመው። ይህ ሙጫ ደርቆ ስንትም ዓመት ቢቆይ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። አክሪሊክ ግን ሲደርቅ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዎ፣ አሮጌው ይነሳል። አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት። አልትራማሪን ወረቀቱ ላይ ተደግፎ የሚቀመጥ ዓይነት ነው፤ በእርጥብ ብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሻሸ ይለቃል። ፍታሎ ሰማያዊ ደግሞ የወረቀቱን ክር ቀልሞ ይይዛል፤ ብታሻሸው አይወጣም።

ለአስታ ጥላ ይሄ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩው፣ ጠርዞቿን በእርጥብ ብሩሽ ማለስለስ ትችላለች። ዘጠኝ ዓመት የደረቀ መስመር ዛሬ ሊለሰልስ ይችላል። መጥፎው፣ ያቺ የምትወዳት የሐይቅ ዳር በአንድ የተሳሳተ ብሩሽ ልትሄድ ትችላለች። እዚያ ያለው አልትራማሪን ከሆነ ባንቺ ቦታ ብሆን በደረቅ ወረቀት ሸፍኜ በቴፕ እይዘው ነበር። ቴፑ ራሱ ሥዕሉ ላይ እንዳይለጠፍ ብቻ፤ ጠርዝ ላይ ይያዝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ስለ ፎቶው አንድ ነገር ልበልሽ፤ ተቃጥዬበታለሁና።

ባሕር ዳር ሄጄ ጣና ዳር አንድ ሥዕል ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ወደዚህ አመጣሁት። ክረምት ነበር፤ እዚህ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ቢጫ አምፖል ሥር፣ ስልኬን ጎን አቁሜ ፎቶውን እያየሁ ጨረስኩት።

ሁለት ነገር ገደለኝ። አንዱ አምፖሉ ነው። ቢጫ ብርሃን ሥር ቢጫ ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። የጠፋ እየመሰለኝ ሣሩ ላይ ደጋግሜ ጨመርኩበት። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ጋ ወስጄ ሳየው ሰናፍጭ ሆኗል። ሁለተኛው ፎቶው ነው። የስልክ ካሜራ ጥላን ጥቁር ያደርገዋል። በዓይናችን ስናየው ግን ጥላ ውስጥ ሰማያዊ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ከመሬቱ የተመለሰ ብርሃን አለ። ፎቶው ደግሞ ሩቁንም ቅርቡንም እኩል አጥርቶ ያሳያል። እኔም የነገረኝን ሁሉ አመንኩት። ፓፒረሱን ቅጠል በቅጠል ሳልኩት። ደጅ የሠራሁት ሐይቅ እንደ ጉም ቀሎ ተቀምጦ፣ ከፊቱ እንደ ፖስታ ካርድ የተላጨ ሣር ቆመበት።

ሥዕሉ አሁንም አለ። እናቴ ወዳው ሳሎኗ ሰቅላዋለች። እኔ ግን እዚያ ቤት ስገባ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

ስለዚህ ፎቶውን አንድ ጊዜ እዪውና ዝጊው። ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ያዢ። መንገዱ የት ጋ እንደሚታጠፍ ያዢ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። የቀረውን ሥዕሉ ይነግርሻል። ሐይቁ ምን ያህል ቀላል ነው? ገደሉ ላይ ስንት ብሩሽ አረፈ? የፊቱም ከዚያ በላይ መልፋት የለበትም።

ሰማያዊ ቀን፦

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እኔ ልል የፈለግኩት ነው፤ እሷ አሳምራ አለችው።

እኔም ትንሽ ልለሳለስ። ወረቀቱ ጤነኛ ከሆነና ከፊት ያለው ብቻ ከሆነ የሚሠራው፣ ሙከራው ኃጢአት አይደለም። ግን የዝናቡን ነጥብ ተዪው። እሱን የምትደፍኚ ከሆነ ሐሳቤን መልሼ እወስዳለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ነጥብ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማይ መሃል ያረፈው ዝናብ ይመስላል፤ ያምራል። የገደሉ መስመር ላይ ያረፈ ካለ ግን ተራራውን የበሳ ቀዳዳ ነው የሚመስለው። ሰው ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ዝናቡን ያላወቀ ሰው "ይሄ ምንድን ነው?" ይላል። እሱን ሊያስተካክል የሚችል ሰው ለምን ይተወዋል?

የወሊሶ ልጅ፦

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝ።

ተመልሰሽ ሄደሽ ልትጨርሺው አስበሽ ከሆነ፣ ቦታው እንደ 2009 አይደለም። ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም ተሠርቷል። ሰውም በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ውበቷ አለ፤ ሂጂ፣ አዲስ ሥዕል ሥሪ። የድሮውን ማሳ ግን እዚያው ታገኚዋለሽ ብዬ አልምልልሽም።

ስለ እንሰቱ ግን ልንገርሽ፤ ከሥሩ ነው ያደግኩት። ብዙ ሰዓሊ እንሰትን ሙዝ አድርጎ ይስለዋል። እንሰት ቅጠሉ ከግንዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚነሳው፤ እንደ ሙዝ ብዙ አይዘናፈልም። ግንዱ ከታች ወፈር ይላል። የቅጠሉ መሃል አጥንት ቀላ ያለ ነው፤ በተለይ ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ በደንብ ይታያል። ያን ጊዜ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳይሆን ቢጫ ነው የሚመስለው፤ ብርሃኑ አልፎት ስለሚመጣ። ከታች ደግሞ የደረቀው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ግንዱን ይሸፍነዋል።

አንቺ የያዝሽው በርንት ሲየናና ሎሚ ቢጫ ለዚህ ይበቃል። አዲስ አረንጓዴ እንዳትገዢ።

የጉለሌው፦

የወሊሶ ልጅ፣ ይህን ከየትኛውም ፎቶ አናገኘውም ነበር። እናመሰግናለን።

አስታ ጥላ፣ ብሩሽ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። የልጆች ደብተር የሚሸፈንበትን ግልጽ ላስቲክ ግዢ። ሥዕሉ ላይ አንጥፊው። ቀለምሽ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪ፤ ሳሙና ካልገባበት ላስቲኩ ላይ አይይዝም፣ ይሰበሰባል። ከዚያ ማሳውን እላስቲኩ ላይ ሳዪው። ጠቆር አድርገሽ ሳዪ፤ ጥረጊው። ቀለል አድርገሽ ሳዪ፤ ጥረጊው። እያንዳንዱን በስልክ አንሺና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። የቱ ላይ ሐይቁ እንደሚያበራ ያኔ ይታይሻል። ወረቀቱ አንድም ጠብታ ሳይነካው አሥር ጊዜ ትሳሳቺያለሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን አምፖል ነገርም አትርሺ። በቀን ብርሃን ብቻ።

የአስታ ጥላ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። ጨርሼው ነው የመጣሁት። እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ አቁሜ አየሁት። ባዶው ቦታ ያስቸግረኝ ነበር። ነጭ መሆኑ አይደለም ያስቸገረኝ። እርሳሱ ነው። እርሳሱ ውስጥ ማሳ አለ፣ መንገድ አለ፣ ሰው አለ። ባየሁት ቁጥር ቃል የገባሁለት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ የድሮው አልትራማሪን ቲዩብ እዚያው የቀለም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ደርቋል። በምላጭ ከጎኑ ቀደድኩት። ውስጡ እንደ ጠመኔ ሆኖ ወጣ። ሲኒ ውስጥ አድርጌ ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ አድርጌበት አደረ። ጠዋት ለስልሶ ነበር። አዲስ ከገዛሁት አልትራማሪን ጋር ጎን ለጎን ቀባኋቸው። አዲሱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አሮጌው ከሐይቁ ጋር አንድ ነው። ያን ሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም። ጀማሪ ነኝ፣ ይሄ ላንተ መልስ ይሆናል፤ ሙጫው እውነትም አልሞተም።

ላስቲኩ ላይ ስድስት ጊዜ ሳልኩ። የገረመኝን ልንገራችሁ። እኔ ያሰብኩት ማሳውን ቀለል አድርጌ ላልፈው ነበር፤ ሐይቁን እንዳይጫነው ብዬ። ጥቁርና ነጭ ፎቶው ላይ ሳየው ግን ቀለል ያለው ማሳ ጉሙን አጠፋው። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነ። ጠቆር ያለውን ሳደርግ ጉሙ በራ። የሐይቁ ዳር ወደ ኋላ ሄደ፤ ራቀ። ቅጠሎቹን ለይቼ ስስላቸው ደግሞ ዓይን እነሱ ላይ ተሰካ። ስለዚህ የወሰንኩት ጠቆር ያለ ግን ዝርዝር የሌለው ማሳ ነው።

ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ሐይቁን በወረቀት ሸፈንኩ። የማሳውን ቦታ በንጹህ ውሃ አረጠብኩ። ሎሚ ቢጫና ጥቂት በርንት ሲየና ለቀቅኩበት። ገና እርጥብ እያለ ከታች በኩል አልትራማሪንና ሲየና አወፍሬ አስገባሁ። እንዲሄድ ተውኩት። ሲደርቅ ሦስት የእንሰት ቅጠል ብቻ፣ ቀጥ ብለው የሚነሱ፣ ጠቆር አድርጌ ከላይ አቆምኩ። የአንዷን አጥንት በእርጥብ ብሩሽ አንስቼ ሲየና ነካ አደረግኩበት። የወሊሶ ልጅ፣ ያቺ ያንተ ናት። የብሩሹ ሥራ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የቀረው ማድረቅና መጠበቅ ነበር።

መንገዱን አልቀባሁትም። በዙሪያው ያለው ሲጠቁር ነጩ ወረቀት ራሱ መንገድ ሆነ። ፈረስ ጎታቹ ሰውዬም በእርሳስ እንደሆነ ቀረ። ልቀባው ብሩሽ አንስቼ ነበር። ከዚያ ሳየው እርሳሱ ራሱ ይሄዳል። ጉም ውስጥ እየወረደ ያለ ሰው ይመስላል። አስቀመጥኩት።

ስህተትም አለ። የዝናቡን ነጥብ ሰማይ ላይ ያለውን አልነካሁም። ገደሉ መስመር ላይ ግን ሁለት ነበሩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳልሽው ቀዳዳ ይመስሉ ነበር። አንዱ ወደ መሃል ነው፤ ወረቀቱ እዚያ ደህና ስለሆነ በትንሽ ብሩሽ፣ ደረቅ አድርጌ፣ ነጥብ በነጥብ ሞላሁት። አሁን ፈልጋችሁም አታገኙትም። ሁለተኛው ግን ወደ ቀኝ ጠርዝ ነበር። ጋሼ እንዳታስጠጊ ብለውኝ ነበር። ብሩሹ ደርቋል ብዬ አስጠጋሁ። ምጥጥ አድርጎ ጠጣው። ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ሆነች። በሶፍት ልጫን ብል ወረቀቱ ጸጉር አወጣ። በጣም አዘንኩ።

በኋላ ከካርቶን ሁለት ማዕዘን ቆርጬ ሥዕሉ ላይ እያንሸራተትኩ አየሁ። ከቀኝ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሸፈን ጥቁሯም ነጥብ፣ ቡናማዎቹም ይወጣሉ። ደሴቲቱም ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ትሆናለች፤ እንደውም ይሻላታል። አልቆረጥኩትም። ፍሬም ሲገባ በካርቶኑ እሸፍነዋለሁ።

ወረቀት ነው ሥራዬ፦

አለመቁረጥሽ ጥሩ ነው፤ ነገ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ወረቀቱ አለ።

ጸጉር ያወጣው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ንጹህ ወረቀት ከላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለሽ አሺው። ይተኛል።

ፍሬም ስታሠሪ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካው በያቸው። መሃላቸው ካርቶን ይግባ። ሥዕሉ በካርቶኑ ላይ ከላይ በኩል ብቻ ይያዝ እንጂ ዙሪያውን በማጣበቂያ አይለጠፍ፤ ወረቀት በክረምት ይለጠጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ከታሰረ ይጨማደዳል። ፀሐይ በቀጥታ ከምትመታው ግድግዳ አርቂው። ግድግዳው ከውጭ ዝናብ የሚጠጣ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጊ። አንዴ ተምረሽበታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

መንገዱን ነጭ መተውሽን ሳነብ ጮክ ብዬ "አዎ!" አልኩ። ልጄ ደንግጣ መጣች።

የጣናዬን ከእናቴ ላይ ልወስደው አስቤያለሁ። አልትራማሪን ባይሆንም ሣሩ ይነሳ ይሆናል። በእርጥብ ስፖንጅ ጠርዙ ላይ እሞክረዋለሁ።

ሰማያዊ ቀን፦

የሐይቁ ዳርስ? ያቺ ጭስ?

የአስታ ጥላ፦

አለች። አልነካኋትም። መሸፈኛውን ወረቀት ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳለች ናት። እንደውም ከማሳው ጥቁረት አጠገብ ስትታይ፣ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ብላ የተነሳች ይመስላል።

ቅዳሜ ፍሬም ቤት እወስደዋለሁ። ከጀርባው ሁለት ቀን ጽፌበታለሁ፦ መስከረም 2009 ወንጪ፣ ኅዳር 2018 አዲስ አበባ።